ቁና

ቁና በኢትዮጵያ እህል ለመስፈር የሚያገለግል፣ ከሣር የሚሰፋ ክብ ዕቃ ነው። ዕቃው የሚይዘው መጠንም በዚሁ ስም ይጠራል። በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይሆናል። ሆኖም የቁናው ስፋት ከአገር አገር ስለሚለያይ ዳውላውም አንድ ዓይነት አይደለም።

መስፈርና መመዘን

አማርኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። እህል በቁና ወይም በጣሳ ይሰፈራል፤ ወርቅ በወቄት፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘናል። ወቄት 28 ግራም ያህል፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ስለሆነ ቀድሞ የወቄት መመዘኛም ነበር።

መስፈሪያ የእህሉን ይዘት እንጂ ክብደቱን አያሳይም። ለምሳሌ 5 ሊትር የሚይዝ ዕቃ አፉ ድረስ ቢሞላ ጤፍ 4 ኪሎ ገደማ፣ ያልተፈተገ ሩዝ 3 ኪሎ ገደማ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ደግሞ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሩዝና የሱፍ አበባ ፍሬ ቀላል ቅርፊት ስላለው በውስጡ አየር ይይዛል። መስፈሪያው ተቆልሎ ከተሞላ ልዩነቱ ይጨምራል።

በፎገራ ሜዳ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኘውን የፎገራን ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ያጥለቀልቁታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሥራ ሩዝ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ተሞከረ፤ ከዚያም በአካባቢው ተስፋፋ። ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ከሩዝና ከጓያ ሌላ ጤፍና ኑግም ይመረታሉ።

ሩዝ ለገዢም ለሻጭም ተጨማሪ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ ኩንታል (100 ኪሎ ግራም) ያልተፈተገ ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ የወረታ ገበያተኛ ዋጋ ሲያነጻጽር ሩዙ የተፈተገ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ሚዛንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ያልደረቀ ሩዝ በያዘው ውሃ ምክንያት ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲደርቅ ግን ይቀንሳል።

በአነጋገር

በአንድ ቁና ሰጥቶ በሌላ ቁና መቀበል እንደ ግፍ ይቆጠራል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሰው ለሌላው ያደረገው በራሱ ላይ እንደሚመለስ ይገልጻል።