የባሕር ዓሣ በበረሃ ሐይቅ

ላስ ቬጋስ አጠገብ ካለው ግሪን ቫሊ ተነስተው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዱ፣ ዛፍ በሌላቸው ተራሮች መካከል የተኛውን ሌክ ሚድን ያገኛሉ። እዚያ መንጠቆ የሚጥሉ ብዙዎች የሚመኙት ከጉንጩ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበትን ስትራይፕድ ባስ ነው፤ አጥማጆቹ ባጭሩ “ስትራይፐር” ይሉታል። ዓሣው ግን የአትላንቲክ ዳርቻ ተወላጅ ነው። በጨው ውኃ ያድጋል፤ ወደ ወንዝ የሚወጣው እንቁላል ለመጣል ነው። ታዲያ በረሃ ውስጥ እንዴት ኖረ?

ያመጣው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀው ሁቨር ግድብ የኮሎራዶን ወንዝ አቁሮ ሐይቁን ፈጠረ፤ ስትራይፐር በ1969 ተለቀቀበት። እንዲኖር ያስቻለው ግን ስንጥቡ ነው።

የዓሣ ደም ጨው አለው፤ ከባሕር ውኃ ያነሰ፣ ከሐይቅ ውኃ የበዛ። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለ፣ በዚያ የሚኖር ዓሣ ውኃ ከሰውነቱ እየወጣ ያልቅበታል። ስለዚህ ባሕሩን ይጠጣል፤ የተረፈውን ጨው በስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት መልሰው ያስወጡለታል። ሐይቅ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ውኃው ራሱ በስንጥቡ በኩል ሰርጎ ስለሚገባ ዓሣው መጠጣቱን ይተዋል ማለት ይቻላል፤ ኩላሊቱ ቀጭን ሽንት በብዛት ያስወጣል፣ ስንጥቡም በውኃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው ለቅሞ ያስገባል። አብዛኞቹ ዓሦች ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይችላሉ። ስትራይፐር ሁለቱንም ይችላል።

ለመራባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወራጅ ውኃ ያስፈልገዋል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሁለት ቀን ያህል ሳይሰጥም መቆየት አለበት፤ ወራጅ ውኃ ይህን ያደርግለታል፤ ደለል ላይ ካረፈ ታፍኖ ይሞታል። በደቡብ ካሮላይና በ1941 በተዘጋ ግድብ ውስጥ የቀሩ ስትራይፐሮች ሊራቡ የቻሉት ከሐይቁ በላይ ወንዝ ስለተረፈላቸው ነው። በጣና ዳር ያደጉ ሰዎች ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ መውጣቱን አያጡትም። ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ ከሚሏቸው መካከል፣ በጣና እንጂ በሌላ ስፍራ ከማይገኙት ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። እነሱ ግን በገዛ ቤታቸው ናቸው። ስትራይፐር በሌክ ሚድ እንግዳ ነው፤ የኮሎራዶ ወንዝ ተወላጅ የሆነው ራዞርባክ ሰከር ጫጩቶቹን በመጤ ዓሦች እየተበላ ከ1991 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ለአጥማጅ ደስታ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው ባይ ነኝ።

የስንጥቡ ነገር አጥማጁንም ይመለከታል። መንጠቆ ላይ ታግሎ የደከመ ዓሣ የጨው ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል፤ በሐይቅ ውኃ ውስጥ ደሙ ጨው እያጣ ይሄዳል። በጋ ላይ ደግሞ የሞቀው የላይኛው ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ስለዚህ በበጋ “ለቀቅነው” የምንለው ስትራይፐር ሲዋኝ ብናየውም በኋላ ሊሞት ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ሌክ ሚድ የምትወርዱ ወገኖች፣ የምትበሉትን ያህል ያዙና መንጠቆውን ሰብስቡ። የግድ የምትለቁት ካለም በደረቅ እጅ አትንኩት፤ ከበሽታ የሚጠብቀው በቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ነው። እጃችሁን አርጥቡና ከውኃው ሳታወጡ መንጠቆውን ንቀሉለት።