የእንጨት እሳትና የሞቀ ቤት፦ በአምቦና በአካባቢዋ ምን ዓይነት ማሞቂያ እንምረጥ?

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በምዕራብ ሸዋ ደጋዎች የሌሊት ብርድ ይጀምራል። ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በጨረር መልክ ወደ ኅዋ ስለምትለቅ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ንጋቱ ይቀዘቅዛል። ከአምቦ ከፍ ብለው በሚገኙት በጊንጪና በጌዶ ደግሞ ብርዱ ይበልጥ ይበረታል።

ይህን ብርድ ለመከላከል በብዙ ቤቶች የተለመደው ዘዴ ፍም የያዘ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ነው። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጭስ አለመታየቱ የደኅንነት ምልክት አይደለም። ታዲያ ቤቱን በእንጨት ማሞቅ የሚሻ ቤተሰብ ምን ይምረጥ?

ከአዲስ ዓለም የምንማረው

የማገዶ ጥያቄ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተመናምኖ ማገዶ ሲጠፋ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባንም በቦታዋ ያቆያት በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነበር። ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳር የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። በጊንጪ አቅራቢያ ያለው የጭልሞ ደን ግን ጽድና ዝግባ የሚገኙበት ጥንታዊ ደን ነው። ስለዚህ ማሞቂያ ስንመርጥ የምናነደው እንጨት የተተከለ ባሕር ዛፍ እንጂ የአገር በቀል ደን ቅሪት መሆን የለበትም።

አስቀድሞ ጣሪያው

ማሞቂያ ከመግዛታችን በፊት ሙቀቱ በየት እንደሚሸሽ እንመርምር። ኮርኒስ የሌለው 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ እንውሰድ። ውጪው 8፣ ውስጡ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ገደማ ይባክናል። ይህም በጠቅላላው 2,800 ዋት ነው። ኮርኒስ ቢሠራለትና ብክነቱ ወደ 3 ዋት ቢወርድ 1,200 ዋት ብቻ ይሆናል። ለ10 ሰዓት ሌሊት ስናሰላው የመጀመሪያው ቤት 100 ሜጋ ጁል፣ ሁለተኛው 43 ሜጋ ጁል ያህል በጣሪያው በኩል ብቻ ያጣል። በጥሩ ምድጃ ይህን ለመተካት አንዱ ወደ 10 ኪሎ ግራም፣ ሌላው ወደ 4 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። እንግዲህ ኮርኒስ በየዓመቱ ማገዶ የሚቆጥብ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

እንጨቱ ይድረቅ

ግማሽ ክብደቱ ውኃ የሆነ እርጥብ እንጨት በኪሎ ግራም 8 ሜጋ ጁል ገደማ ሲሰጥ፣ የእርጥበት መጠኑ 20 በመቶ የሆነው ግን ወደ 15 ሜጋ ጁል ይሰጣል። እሳቱ አስቀድሞ ውኃውን ማትነን ስላለበት ኃይሉ በእንፋሎት ያልቃል፤ ጭሱም ይበዛል። ስለዚህ ፍልጡን በአንዱ በጋ አዘጋጅተን፣ ነፋስ በሚገባበትና ዝናብ በማያገኘው ዳስ ሥር ደርድረን፣ በሚቀጥለው ዓመት ብርድ ብናነደው ይበጃል።

ምድጃ ወይስ ማዕከላዊ ማሞቂያ?

ምርትና ላቀች የተባሉት ቆጣቢ ምድጃዎች በአገራችን የታወቁ ናቸው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርት፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሄደውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለቱም የተሠሩት ለመጋገርና ለማብሰል እንጂ ለመኝታ ክፍል አይደለም። ላቀችም የከሰል ምድጃ ስለሆነ ማገዶ መቆጠቡ ከካርቦን ሞኖክሳይድ አያድንም።

በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች የተለመደው ማዕከላዊ ማሞቂያ እንጨት በሚነድበት ቦይለር ውኃ አሙቆ በቧንቧ ወደየክፍሉ ያሠራጫል። አንዱ ትልቅ ጥቅሙ ሙቀትን ማከማቸቱ ነው። 500 ሊትር ውኃ ከ80 ወደ 40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 84 ሜጋ ጁል ያህል ይለቃል፤ ይህም ኮርኒስ ያለው ቤታችን በጣሪያው በኩል በሌሊት ከሚያጣው እጥፍ ገደማ ነው። ጉድለቱ ግን ውኃውን በሚያዘዋውረው ፓምፕ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ እሳቱ ግን መንደዱን ይቀጥላል። ውኃው ፈልቶ ግፊቱ ከመጠን በላይ እንዳይጨምር ማስተንፈሻ ቫልቭና የውኃ መስፋፊያ ታንከር ግድ ናቸው። ስለዚህ ይህ ሥርዓት ባለሙያ ተቆጣጣሪ ላለው የእንግዳ ማረፊያ ወይም ለትልቅ ሕንፃ የሚስማማ ይመስለናል።

ለተራ መኖሪያ ቤት የምንመርጠው ዝግ በር ያለው፣ ጭሱን በቧንቧ ከጣሪያው ጫፍ በላይ የሚያወጣ የብረት ወይም የጡብ ምድጃ ነው። በጡብ የተሠራው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሲመሽ ነዶ እስከ ንጋት ሊያሞቅ ይችላል። ሲገጠም ቧንቧው ከእንጨት ማገርና ከኮርኒስ መራቅ አለበት። በየዓመቱም ጥቀርሻው ይጠረግ። ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይተው፤ ፍሙ ሳይጠፋም የጭስ ማውጫው ፈጽሞ አይዘጋ።

ቅደም ተከተሉም እንዲህ ይሆናል፦ በመጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ደረቅ ፍልጥ፣ በመጨረሻ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ። ምድጃውን ለማሠራት አቅም ያላገኘ ቤተሰብ ቢኖር እንኳ ኮርኒስና ወፍራም ብርድ ልብስ ሌሊቱን ያሳልፉታል። የከሰሉ ምድጃ ግን ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ዛሬ ማታውኑ ሊፈጸም የሚችል ውሳኔ ነው።