ተሸንፈው የተሰናበቱት ሩሲያውያን በነሐስ ሜዳሊያ የተመለሱበት ሳምንት

አል-ኹባ፣ ጂዛን፦ “ሪሻ” የሚለውን የዓረብኛ ቃል ከቤቱ ልጆች አፍ ያልሰማች እህት ጥቂት ናት። ላባ ማለት ነው። ልጆቹ ከአቡ ሪያላይን ሱቅ የተገዛ ቀጭን ራኬት ይዘው ግቢ ውስጥ “ነልዐብ ሪሻ” ሲሉ ምን እንደፈለጉ ታውቃላችሁ። የጨዋታው ሙሉ ስም “አር-ሪሻ አጥ-ጣኢራ” ነው፤ በራሪዋ ላባ። “ጣኢራ” ያው አውሮፕላን የምንልበት ቃል ነው፤ ከቦሌ ስንነሳ የተሳፈርንባት። እኛ ሀገር ባድሜንተን እንለዋለን።

ላባዋ ከ5 ግራም ተኩል አትበልጥም፤ ከ16 ላባዎች ነው የምትሠራው። አል-ኹባ ላይ አመሻሹን ነፋስ ሲነሳ ከግቢ አጥር በላይ ይዟት ይሄዳል። ትልልቆቹ ውድድሮች በአዳራሽ ውስጥ የሚደረጉትም ለዚህ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ላባዋን በ1 ሜትር ከ55 አካባቢ ከፍታ ባለው መረብ ላይ አሳልፎ በተጋጣሚ ሜዳ መሬት ማስነካት፣ 21 ነጥብ ቀድሞ መድረስ፣ ከሦስት ጌም ሁለቱን ማሸነፍ። ከእናንተ ጋር የሚሠሩ የኢንዶኔዥያ ሴቶች ካሉ ስለዚህ ጨዋታ ጠይቋቸው። እኛ ስለ ሩጫ እንደምናወራው ነው የሚያወሩት።

የዛሬው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከሁለት ሩሲያውያን ሴቶች ነው። ቫሌሪያ ሶሮኪና በ1984 በጎርኪ ተወለደች፤ ከተማዋ ዛሬ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ትባላለች። ኒና ቪስሎቫ ሞስኮ ውስጥ በ1986። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ኢቃማችሁ ላይ ያለው የሂጅራው መሆኑን አልረሳሁም።) በሩሲያ ባድሜንተን የበረዶ ሆኪና የጂምናስቲክ ያህል ክብር የለውም። ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው እንኳ በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጥንድ ሆነው በ2010 ማንቸስተር ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኑ። ሆኖም በዚህ ጨዋታ የአውሮፓ ሻምፒዮን መሆን በሩጫ ከኬንያና ከኢትዮጵያ ውጭ አንደኛ እንደመሆን ነው። ቻይና፣ ኮሪያ፣ ኢንዶኔዥያና ጃፓን ባሉበት ሜዳ ማንም አይፈራሽም።

ከዚያ ሎንዶን 2012 መጣ፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2004። ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችበትን፣ ቲኪ ገላና በዝናብ ማራቶን ያሸነፈችበትን፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ያስለቀሰችንን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ከተማ፣ ዌምብሌይ በሚባል አዳራሽ፣ ሶሮኪናና ቪስሎቫ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከካናዳ ጥንዶች ጋር በአንድ ምድብ ተደለደሉ። ከምድቡ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። ሩሲያውያኑ ካናዳን አሸነፉ፤ በቻይናና በኮሪያ ተሸነፉ። ሦስተኛ ወጡ ማለት ነው። ኦሎምፒካቸው አበቃ።

ሐምሌ 24 ምሽት፣ በፈረንጅ ጁላይ 31፣ ቻይናና ኮሪያ የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታ ለማድረግ ገቡ። ሁለቱም ማለፋቸው ተረጋግጧል፤ የቀረው አንደኛና ሁለተኛውን መለየት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነገሩን በዝግታ ልንገራችሁ፤ ቁልፉ ያለው እዚህ ነውና። ቻይና በውድድሩ ሁለት ጥንዶች ነበሯት። ሁለተኛው ጥንድ፣ ቲያን ቺንግና ዣኦ ዩንሌ፣ በራሱ ምድብ በዴንማርኮች ሳይታሰብ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጥቷል። ስለዚህ ዩ ያንግና ዋንግ ሺያኦሊ፣ የዓለም ቁጥር አንዶቹ፣ በዚያ ምሽት ቢያሸንፉ ከገዛ ሀገራቸው ልጆች ጋር ከፍጻሜው በፊት ሊገናኙ ነው። ቢሸነፉ ግን እስከ ፍጻሜው አይገናኙም፤ ወርቁም ብሩም ለቻይና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ ስሌት መሸነፍ ይጠቅማቸዋል።

ኮሪያውያኑ ጁንግ ክዩንግ-ኡንና ኪም ሃ-ናም ነገሩ ገብቷቸዋል። እነሱም ማሸነፍ አልፈለጉም። በአንድ ሜዳ ላይ አራት ሴቶች ሁሉም ለመሸነፍ ሲታገሉ አስቡት! ሰርቫቸውን ሆን ብለው መረብ ላይ ይመታሉ፣ ላባዋን ከመስመር ውጭ ይሰዷታል። ላባዋ በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየች የተባለው አራት ምት ነበር። ትኬት ገዝቶ የገባው ሕዝብ ጮኸባቸው። ዋናው ዳኛ ወደ ሜዳ ገብተው አስጠነቀቁ። ዞሮ ዞሮ ቻይና “ተሳክቶላት” ተሸነፈች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በሌላው ምድብ ኮሪያና ኢንዶኔዥያ ያንኑ ደገሙት። የዚያ ጨዋታ አሸናፊ በቀጣዩ ዙር የሚጠብቀው ሆን ብሎ ሁለተኛ የሆነው የቻይና ጥንድ ነው፤ ማን ይፈልጋል? ዳኛው ጥቁር ካርድ አውጥተው ሁሉንም አሰናበቱ፣ ወዲያው ደግሞ ውሳኔያቸውን ሽረው ጨዋታው ቀጠለ። ከኢንዶኔዥያ ወገን ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሜይሊያና ጃውሃሪና ግሬይሲያ ፖሊ። ግሬይሲያ ያኔ 25 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ስሟን ያዙልኝ።

በማግስቱ የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን አራቱንም ጥንዶች፣ ስምንቱን ሴቶች፣ ከውድድሩ አባረረ። ምክንያቱ የቻሉትን ያህል ለማሸነፍ አልሞከሩም፣ ስፖርቱንም አዋረዱ የሚል ነው። ኮሪያ ይግባኝ ብላ ተቀባይነት አጣች፤ ኢንዶኔዥያ ይግባኟን መልሳ ሳበች።

ቦታው ባዶ ሆነ። አራት ጥንድ ሲጎድል አራት ጥንድ መተካት አለበት። ሩሲያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ተጠሩ፤ ሁሉም በምድባቸው ወድቀው የተሰናበቱ ናቸው። ካናዳውያኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም ነበር። ጥሪው የመጣው በዚያው ቀን ነው፤ ሩብ ፍጻሜውም በዚያው ምሽት። ሻንጣዋን ልትዘጋ የነበረች ሴት ራኬቷን አውጥታ ወደ ሜዳ ተመለሰች።

ሶሮኪናና ቪስሎቫ ደቡብ አፍሪካን አሸነፉ። በግማሽ ፍጻሜው በቲያንና በዣኦ ተሸነፉ። ለነሐሱ ጨዋታ የጠበቋቸው እነዚያው ከምድቡ የሚያውቋቸው ካናዳውያን፣ አሌክስ ብሩስና ሚሼል ሊ፣ ነበሩ። ኦገስት 4 ቀን፣ ጥሩነሽ ወርቅ ባጠለቀች ማግስት፣ 21 ለ9 እና 21 ለ10 አሸነፏቸው። ሩሲያ በባድሜንተን ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው።

“ሜዳሊያው የሰው ነው፣ ወድቆ ያገኙት ነው” የሚል ወሬ ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። እኔ አልቀበለውም። ሩሲያውያኑ በቻይናና በኮሪያ የተሸነፉት ለማሸነፍ ሞክረው ነው። ካናዳንም አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አሸንፈዋል። የሌሎቹን ቦታ የወሰዱ አይደሉም፤ ሌሎቹ ትተውት የሄዱትን ቦታ ነው የያዙት።

ስለተባረሩት ስምንት ሴቶችም ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መሸነፍ የሚጠቅምበትን ድልድል ያወጣው እነሱ አይደሉም፣ ፌዴሬሽኑ ነው። በብሔራዊ ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ስሌት አሠልጣኝና ኃላፊ ሳያውቁት ይሠራል ማለትም ይከብደኛል። በዓለም ሁሉ ቴሌቪዥን የተሰደበው ግን ራኬቱን የያዘው እጅ ነው። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ፈጽሞ ጥፋቱን ብቻውን መሸከም ምን ማለት እንደሆነ ይህን ገጽ ለምታነቡ ሴቶች ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይህን ስል ድርጊታቸው ልክ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው ትኬት ገዝቶ ነበር።

ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን በተግባር አመነ። በ2016 ሪዮ ላይ በጥንድ ጨዋታ ሁለተኛ ሆነው የሚያልፉ ተጫዋቾች ከምድብ በኋላ በዕጣ እንዲደለደሉ አደረገ። ሁለተኛ መውጣት ከማን ጋር እንደሚያገናኝ ቀድሞ ማስላት ቀረ። በዚያው ሪዮ ለነሐስ ሜዳሊያ ማን ተገናኘ መሰላችሁ? ከቻይና ወገን ዩ ያንግ፣ ከኮሪያ ወገን ጁንግ ክዩንግ-ኡን፤ ዌምብሌይ ላይ ለመሸነፍ ሲታገሉ የነበሩት፣ አሁን ከሌሎች አጣማሪዎች ጋር። ሁለቱም የምራቸውን ተጫወቱ፣ ጁንግ ወሰደችው።

ግሬይሲያ ፖሊ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች። ቶኪዮ ላይ የተጣመረችው ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ነው። አፕሪያኒ ከሱላዌሲ ደሴት የድሃ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የተጫወተችበትን ራኬት አባቷ ከእንጨት ነው የሠሩላት። ኦገስት 2 ቀን 2021 የቻይናን ጥንድ 21 ለ19 እና 21 ለ15 አሸንፈው ለኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጡ። ግሬይሲያ ሊሞላት የቀረው 34 ዓመት ነበር። ለሽልማት ከተባለው ገንዘብ ሌላ ቃል ከተገቡላቸው ነገሮች መካከል ቤትና አምስት ላሞች ይገኙበታል። (ላሞቹን ሳነብ የኛ ሀገር ሰው ትዝ አለኝ፤ ስጦታ ማለት እንዲህ ነው።) በ2022 ጃካርታ ላይ በክብር ጨዋታ አቆመች።

ሩሲያውያኑን በተመለከተ፣ ከእነሱ በኋላ የቭጌኒያ ኮሴትስካያ በ2018 በአውሮፓ ሻምፒዮና በነጠላ ብር አግኝታለች። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የሩሲያ ተጫዋቾች ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ታገዱ፤ ከ2024 ጀምሮ ያለ ሰንደቅ ዓላማ እንዲመለሱ ተፈቀደ።

ሎንዶን ለዚህ ሀገርም የራሱ ታሪክ አለው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን ወደ ኦሎምፒክ የላከችው በዚያ ክረምት ነው፤ ዉጅዳን ሸህርኻኒን በጁዶ፣ ሣራ አጣርን በ800 ሜትር። የዉጅዳን ግጥሚያ የቆየው 82 ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ስሟ ግን ቀረ። በ2017 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጃገረዶች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ተፈቀደ፤ በ2018 መጀመሪያ ሴቶች ስታዲየም መግባት ጀመሩ። ማዳም ዛሬ ጂም ስትሄድ የምታዩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በ2022 መጨረሻ ሪያድ ላይ የመጀመሪያው የሳዑዲ ጨዋታዎች ውድድር ተካሄደ። ለእያንዳንዱ ወርቅ 1 ሚሊዮን ሪያል፣ ለብር 300 ሺህ፣ ለነሐስ 100 ሺህ ተመደበ። በሀገሪቱ የተወለዱ የውጭ ሰዎችም እንዲወዳደሩ ተፈቅዶ ነበር። በሴቶች ባድሜንተን ነጠላ ለፍጻሜ ከደረሱት አንዷ ኸዲጃ ኒሳ ናት፤ ከሕንድ ኬረላ ለሥራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ የ17 ዓመት የሪያድ ተማሪ። በፍጻሜው የሳዑዲዋን ተጋጣሚዋን 21 ለ11 እና 21 ለ10 አሸነፈች። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ሴት ያን ገንዘብ ለማግኘት 83 ዓመት ከ4 ወር መሥራት አለባት። ኸዲጃ ከአዳራሹ የወጣችው ሚሊዮኑን ይዛ ነው።