ቢኪኒ፦ ሕዝቧን ያጣች ደሴት

ከውቅያኖሶች ሁሉ ሰፊው ሰላማዊ ውቅያኖስ ይባላል። ቢኪኒ የምትገኘው በእሱ ውስጥ፣ በማርሻል ደሴቶች አገር ነው። 23 ትንንሽ ደሴቶች እንደ ቀለበት ባሕሩን ከበው ይታያሉ። ቀለበቱን የሠሩት ደቃቃ የባሕር እንስሳት ናቸው። ሲሞቱ ቅርፊታቸው እየተከመረ ድንጋይ ይሆናል።

ሕዝቡ ዓሣ እያጠመደ፣ ኮኮናት የሚባል ፍሬ እየለቀመ ይኖር ነበር። በፈረንጆች 1946 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር የአቶሚክ ቦምብ ሊሞክር መጣ። ሙከራው ለሰው ልጅ ሁሉ ይጠቅማል ብሎ 167ቱን ነዋሪዎች አስነሣ። እነሱም ቶሎ የሚመለሱ መስሏቸው ሄዱ። በሄዱበት ደሴት ግን ምግብ አጥተው ተራቡ።

እስከ 1958 ድረስ 23 ቦምቦች ፈነዱ። በ1954 የፈነዳው አንዱ፣ የሂሮሺማን ከተማ ካጠፋው ቦምብ 1000 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር።

የቦምቡ መርዝ በዓይን አይታይም፤ አይሸትም። ከአፈሩ ወደ ፍሬው፣ ከፍሬው ወደ ሰው ገላ ይገባል። በ1970ዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። መርዙ በሰውነታቸው ስለተገኘ በ1978 እንደገና ወጡ።

ኮኮናቱ ዛሬም ያፈራል። ሕዝቡ ግን በሌላ ደሴትና በሌላ አገር ተበትኖ ይኖራል። መሬት በጥቂት ዓመት ትመረዛለች፤ ለመዳን ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃትም።