እንቁላሉ ሳይጣል ያለቀ ነገር

የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የገዛ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ «ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ባደርገው ቄብ ይበዛልኝ ይሆን?» አይበዛም። ለጫሞ ሐይቅ አዞ ቢሆን ያስኬዳል፤ የአዞ ጾታ የሚለየው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። የዶሮ ጉዳይ ግን እንቁላሉ ሳይጣል አልቋል። የሰው ልጅን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ሲሆን በዶሮ ወሳኟ እናት ናት። አውራው ምንጊዜም የሚያወርሰው ዜድ የተባለውን ክሮሞዞም ነው፤ ዶሮዋ ግን ወይ ዜድ ወይ ደብልዩ ትሰጣለች። ሁለት ዜድ የደረሰው ወንድ፣ ደብልዩ የደረሰው ሴት ይሆናል።

የእንቁላል ቅርጽ አይቶ መገመትም ከንቱ ድካም ነው። አርስቶትል ከሹሉ ሴት፣ ከክቡ ወንድ ይወጣል ብሎ ጻፈ፤ ሮማዊው የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ ደግሞ ተገላቢጦሹን። ሁለቱም ግማሽ ያህሉን ሳያገኙት አልቀሩም፤ ሳንቲም የሚወረውርም ያገኘዋል።

የማሽኑ ሥራ ታቃፊዋን መተካት ብቻ ነው። ማራገቢያ ያለው ከሆነ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ 21 ቀን ይቆያል። ዶሮዋ እንቁላሎቹን በመንቁሯ ደጋግማ የምታገላብጠው በከንቱ አይደለም፤ ካልተገላበጡ ፅንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። እኛም እስከ 18ኛው ቀን እናገላብጣለን። ከዚያ ወዲያ ጫጩቱ ለመውጣት ቦታውን ይይዛልና እጅን መሰብሰብ ነው፤ እርጥበቱን ግን ከፍ ማድረግ ያሻል፤ ደረቅ አየር ሽፋኑን አጠንክሮ ጫጩቱን እዚያው ያስቀረዋል። መብራት ከሄደ ጋቢ መደረብ እንጂ «እስቲ ልየው» ብሎ ክዳን መክፈት አይገባም።

ማሱይና ሃሺሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአንድ ቀን ጫጩት የኩስ መውጫ ገለጥ ተደርጎ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ እብጠት ታይታ ጾታው የሚለይበትን ዘዴ አሳወቁ። የተካነ ባለሙያ በሰዓት 1000 ያህል ይለያል፤ ያልተካነ ግን ጫጩቱን ይጎዳል። ቀለል የሚለው ክንፍ ማየት ነው፦ ረዣዥሞቹ ላባዎች ከላይ ከሚደረቡት በልጠው ከታዩ ሴት ናት። ይህም የሚሠራው ለዚሁ ሲባል በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ብቻ ነው። ከጎረቤት በተለቀመ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ክንፍ ዘርግቶ መማል አይቻልም። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላ የወንዱ አናት ላይ ያለው ሥጋ ይቀላል፣ ይፋፋል፤ ያን ጊዜም የተጠራጠረ ሰው እስኪጮህ ይጠብቅ።