በመርፌ ሥራ የራስን እጅ ስለ ማግኘት

በጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው፥ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ቢያገኝ እንኳ የማን እጅ እንደ ጻፈው ከፊደሉ አጣጣል ያውቀዋል። ፊደሉን ሁሉም ካንድ ገበታ የተማሩት ሲሆን የእያንዳንዱ እጅ ግን ይለያል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ነገር፥ መርፌም እንደ ብርዕ መሆኑን ነው።

በአገራችን ከቍርጥራጭ ጨርቅ ተጠቃቅሞ የተሰፋውን ልብስ ድሪቶ እንለዋለን። ድሪቶም የድኽነት ምልክት ሆኖ ስለ ተቈጠረ ከባለጸጋ ቤት አይገባም ነበር። ነገር ግን ሊናቅ እንደማይገባው የሌላው አገር ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር፥ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የነበሩ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት የአልጋ ልብስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሂውስተንና በኒው ዮርክ ቤተ መዘክሮች ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሥዕሉ በአገሩ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። ከእነርሱም አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ዓ.ም. ባሏ ከሞተ በኋላ የሥራ ልብሱን ቈርጣ ለመታሰቢያው የአልጋ ልብስ አድርጋ ሰፋችው። በከተማችንም በአዲስ አበባ በዚያው አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የተወለደው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ፥ ክርና የልብስ ቍልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ የሠራው ሥራ በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ታይቶለታል።

ይኸው ነገር በቤታችንም ደርሷል። በቦሌ በኩል ገርጂ ባለው ቤታችን ከኛ ጋራ የሚኖሩት እናታችን፥ አባታችን ካረፉ በኋላ ሸሚዛቸውንና የልጆቻችንን ያጠረ ልብስ ቈርጠው የአልጋ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ገሚሱ እንዳለቀ ዓይናቸው ደከመና በመርፌ ክር ማስገባት ተሳናቸው፤ ሥራውንም ሴት ልጃችን ተቀበለች።

ልጂቱ አስቀድማ በስፌት መኪና ይጨረስ ብላ ልትወስደው ተነሣች፤ እናታችን ግን ዝም አሉ። ዝምታቸው ስለ ገባት መርፌ አነሣች። ከዚያም የአያቷን ስፌት ፈጽማ ለመምሰል ስትደክም ሰነበተች። የእናታችን ስፌት ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የርሷ ረዘም ይላል። አንዱን ረድፍ አራት ጊዜ ፈታችው፤ በመርፌውም ብዛት ጨርቁ መሳሳት ጀመረ፤ ያውም የአባታችን ሸሚዝ ነው። እኛም ፈርተን፥ ተዪው ልንላት ስንል እናታችን ቀደሙንና፥ «ልጄ፥ የኔን እጅ ስትፈልጊ የአያትሽን ልብስ ልትበጣጥሺው ነው። አሠራሩን ከኔ ያዢ፤ እጁ ግን ያንቺ ይሁን» አሏት።

ይህ ቃል በልጅነታችን የተማርንበትን የቅኔ ቤት አሳሰበን። ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የመምህሩን መንገድ ያጠናል፤ ልኩን ካወቀ በኋላ ግን የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ ሌባ ይባላል እንጂ ባለ ቅኔ አይባልም።

ከመምህር የሚያዘው የስፌት ሥርዐት ይህ ነው። አዲስ ጨርቅ ኋላ እንዳያጥርና ቀለሙ እንዳይለቅ ሳይቈረጥ ይታጠባል። ፊቱ፥ በመካከል የሚገባው ባዘቶና ገበሩ ተደርበው አስቀድሞ በሰፋፊ ስፌት ይያያዛሉ። ዋናው ስፌት ከመካከል ተጀምሮ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ያለዚያ ጨርቁ ይጨማደዳል። ስፌቱም ከማነሱ ይልቅ እኩል መሆኑ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰፊዋ ነው፤ የቀለሙ ምርጫ፥ የስፌቱ ርዝመት፥ የመሥመሩ አካሄድ። ይህም «አዲስ ነገር ካልፈጠርሁ» በማለት አይገኝም፤ ብዙ በመሥራትና እጅ ደጋግሞ የሚወደውን በማስተዋል ይገኛል። ልጃችን እሑድ እሑድ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጅ የምታየውን የነጠላ ጥለት ትወድ ነበርና፥ መሥመሯ ሳታስበው ወደዚያ ወደ ማእዘናማው ሐረግ አዘነበለ። ይህን ጊዜ አልፈታችውም።

ሥራው በፋሲካ ሰሞን አለቀ። እናታችን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጥቅጥቁ ስፌት አልቆ ረዘም ያለው ከሚጀምርበት ሲደርሱ ጣታቸውን አቁመው፥ «እዚህ ላይ አንቺ መጣሽ» አሉ።

እንግዲህ እመቤቶች ሆይ፥ በሣጥናችሁ ያረጀ ልብስ ቢኖር ከመጣላችሁ በፊት መርፌ ለልጆቻችሁ ስጧቸው። ዓይናችሁ ሳይደክም ሥርዐቱን አስተምሩ፤ እጃቸው ከእጃችሁ ቢለይም አትቈጡ።