የጥርስ ማቃኛ ሽቦ የታሰረለት ልጅ በካንሰር ሲታመም ሊደረግለት የሚገባ ጥንቃቄ

ካንሰር የያዘው ልጅ ሁሉ ይሞታል ተብሎ የሚታሰብበት ዘመን ዐልፏል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ዶክተር ሲድኒ ፋርበር በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ፥ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት በመድኃኒት ለጊዜው ማሻል መቻሉን ከገለጠ ወዲህ ሕክምናው እየተሻሻለ ሄዷል። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ100ው ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ። ድኖ ብዙ ዘመን የሚኖር ልጅ ደግሞ ደኅና ጥርስና ጤናማ መንጋጋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተጣመመ ጥርሱን ለማቃናት ሽቦ የታሰረለት ልጅ ካንሰር ቢገኝበት ምን እንደሚደረግ ወላጆችና መምህራን ሊያውቁት ይገባል።

ሽቦው ጥርስን በቀስታ ሲገፋ፥ ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው የመንጋጋ ዐጥንት እየሟሟ፥ በስተኋላው ደግሞ አዲስ ዐጥንት እየተተካ፥ ጥርሱ በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ሥራ የሚፈጽሙት ሕያዋን ሕዋሳት ናቸው። ኬሞቴራፒ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ግን ፈጥነው የሚባዙትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፥ ከካንሰሩ ጋር የአፍን የውስጥ ቆዳና ደም የሚሠራውን መቅኔም ይጎዳል። በዚህም ምክንያት መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ አፍ ይቈስላል፤ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ፤ ድድም በቀላሉ ይደማል።

በዚህ ጊዜ ሽቦ በአፍ ውስጥ ቢኖር ጕንጭንና ከንፈርን ይልጣል፤ የምግብ ትርፍራፊም ይይዛል። በትንሽ ቍስል የገባ ተሕዋስ ወደ ደም ዐልፎ ሕይወትን ለሚያሰጋ በሽታ ሊዳርግ ይችላል። ከዚህም በላይ ብረቱ በኤምአርአይ መሣሪያ የሚነሣውን የራስና የአንገት ሥዕል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የካንሰሩ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሽቦውን ያስወልቃሉ፤ የተበላሸውንም ጥርስ ያሳክማሉ።

በመንጋጋ ላይ የሚደረግ የጨረር ሕክምና ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ጨረሩ ምራቅን ስለሚያደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፤ የመንጋጋውም የደም ሥሮች ስለሚጎዱ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ጥርስ ቢነቀል ቍስሉ ሳይድን ዐጥንቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መነቀል ያለበት ጥርስ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ መነቀል ይገባዋል።

ሽቦው እንደ ገና የሚታሰረው መቼ ነው? ብዙ ሐኪሞች የካንሰሩ ሕክምና አልቆ፥ ልጁም በሽታው ሳያገረሽበት 2 ዓመት ያህል እንዲቈይ ይመክራሉ። በሕፃንነቱ የታከመ ልጅ የጥርሱ ሥር አጭር ሆኖ ሊቀር፥ ጥርሱም ከነጭራሹ ሳይበቅል ሊቀር ስለሚችል፥ አስቀድሞ በራጅ ይታያል። ከዚያም በቀላል ግፊት ይታከማል፤ ጥርሱ ፍጹም ባይስተካከልም ለማኘክ ቢበቃ ይበቃል።

በሕክምናው ወራት በቤት የሚደረገው ይህ ነው፦

1ኛ/ ጥርስን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት። ጠንካራ መፋቂያ ድድን ስለሚያቈስል ለጊዜው ይቅር።

2ኛ/ በ1 ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና የዚህን እኩሌታ ጨው በጥብጦ አፍን ደጋግሞ መጕመጥመጥ። አልኮል ያለበት መጕመጥመጫ አይጠቅምም።

3ኛ/ በርበሬ የበዛበትንና የሚያቃጥል ትኵስ ምግብ መተው።

4ኛ/ ሽቦው ቢላቀቅ ወይም ቢወጋ በቤት ለመንቀል አለመሞከር፤ ትኵሳት ቢነሣ ወይም ድድ ቢደማ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ።

ከሁሉ በላይ የካንሰሩ ሐኪምና የጥርሱ ሐኪም እንዲመካከሩ ማድረግ የወላጅ ፈንታ ነው። አንዱ የሚሠራውን ሌላው ካላወቀ የሚጎዳው ልጁ ነውና። መምህራንም እንዲህ ያለ ተማሪ ሲኖራቸው የአፉን ቍስልና የጥርሱን መጕደል ጓደኞቹ መሣቂያ እንዳያደርጉበት ሊጠብቁት ይገባል።